ላይ ቤት የቀሩት ልቃቂቶች

ስለ ጋሽ ጥቅሻ የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከኔ በተሻለ የሚጽፉም ሞልተዋል። የኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ንባቡንም ያጠናከርኩት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እያየሁ ነው። ብቻ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ እሳቸው አጠገብ ቆሜ ስላይድ፣ ናሙና የሚለጠፍበትን ስስ መስታወት፣ ያጠብኩት እኔ ነኝና ያየሁትን ያህል ልጻፍ። የተሳሳትኩት ካለ የሚያውቅ ያርመኝ።

ጥቅሻ ስማቸው አይደለም። የድሮው ማይክሮስኮፓቸው መመልከቻው አንድ ብቻ ነበር። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኙ ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ ግራው ለምዶበት ሰው ሲያናግሩም ይጨፈን ጀመር። አዲስ የመጣች ነርስ ሁሉ መጀመሪያ ትቆጣለች። አንዷማ ከሰሰቻቸው። ጋሼ አለቃው ፊት ቀርበው “ለምን ትጠቅሳታለህ?” ተብለው ሲጠየቁ፣ መልስ እየሰጡ አለቃውንም ጠቀሷቸው። ስሙ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የጸናው። በኋላ ሁለት መመልከቻ ያለው ማይክሮስኮፕ ተገዛላቸው፤ ዓይናቸው ግን እንደተጨፈነ ቀረ።

የምንሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከሰው አካል በመርፌም በቢላም የተወሰደ ቁራጭ ወደኛ ይመጣል፤ እሱን አይተው በሽታው ምን እንደሆነ ለሐኪም ይጽፋሉ። ሐኪሞቹ ራሳቸው የሳቸውን ዓይን ያምናሉ፤ ከመፈረማቸው በፊት “ጋሼ ምን አሉ?” ይላሉ። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል የሳቸው ጠረጴዛ፣ በበሩ በኩል የኔ የማጠቢያ ገንዳ፣ መሀል ላይ ሰም የሚቀልጥበት ምድጃ። ላይ ቤት ይሉናል።

ምድር ቤት ደግሞ ሌላ ማሽን አለ። ልዩነቱን እኔ እንደገባኝ ልናገር።

የጋሼ ማይክሮስኮፕ በብርሃን ነው የሚሠራው። ከሥር አምፖል አለው፤ ብርሃኑ በቁራጩ ውስጥ ያልፍና መስታወቶቹ አጉልተውት ዓይን ላይ ይደርሳል። ቢበዛ ሺህ ጊዜ ያህል ያጎላል። ቀለም የጠጣውን ሮዝና ሐምራዊ አድርጎ ያሳያል፤ ሲያዩት የአበባ ጨርቅ ነው የሚመስለው። በሕይወት ያለ ነገርም ይታይበታል። አንድ ቀን ከአበባ ማስቀመጫ የቆየ ውሃ ጠብታ ወስደው አሳዩኝ፤ ስንት ነገር ይዋኛል መሰላችሁ። ለሦስት ቀን ውሃ አስጠላኝ።

የምድር ቤቱ ከሰው ይረዝማል። በብርሃን ፋንታ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ነው ከላይ ወደ ታች የሚወረውረው። መስታወት ለሱ አይሆንም፤ የሚያጎላው በማግኔት ነው። ውስጡ ያለው አየር በሙሉ ተመጥጦ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚተነፍስ ነገር አይገባበትም። የሚገባው የደረቀ፣ በሙጫ የደነደነ፣ በመስታወት ቢላ ከምንም በላይ ሳስቶ የተቆረጠ ነው። ቀለም የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ላይ ቤት ሁለት ቀን የሚፈጀው እዚያ ሳምንት ያልፈዋል። ግን መቶ ሺህ ጊዜ ያጎላል። ላይ ቤት አንድ መስመር የሚመስለው እዚያ ሲታይ ሦስት ድርብርብ ሆኖ ይገኛል። መሬት ላይ የተተከለውም ፎቅ ላይ የሰው እርምጃ ስለሚያንቀጠቅጠው ነው።

እሱን የምትሠራው ሴትዮ አራት ዓመት ላይ ቤት የጋሼ ተማሪ ነበረች። ማሽኑ ሲመጣ እሷ ተመርጣ ወረደች። መብራት አጥፍታ ስለምትሠራ “እመት ጨለማ” ብለው ያወጡላት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። በምሳ ሰዓት ሲገናኙ ተጣልተዋል እንዴ እስኪባል ድረስ ይነካከሳሉ። አንቺ ከሬሳ በቀር አይተሽ አታውቂም ይሏታል። እሷ ደግሞ “ጋሼ፣ እርስዎ በሩን አይተው ነው የሚመለሱት፣ እኔ የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ነኝ” ትላለች። ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ሰው ቤቱን አያየውም ብለው ይመልሱላታል። ሁላችንም እንስቃለን። እሷ ከወረደች በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ጋሼ አንድ ቀን እንኳ ምድር ቤት ወርደው ማሽኑን አላዩም። ለምን ሲባሉ ጉልበቴ ይላሉ። በዚያው ጉልበት በቀን አራቴ ሁለት ፎቅ ይወጣሉ።

አሁን ዋናውን ልናገር። የኩላሊት ናሙና አሠራሩ ለብቻው ነው። ሐኪሙ በመርፌ የሚያወጣው እንደ ስፌት ክር የቀጠነ፣ የጥፍር ርዝመት ያለው ነገር ነው። እርጥቡን እንዳለ ወደ ላይ ቤት ይመጣል። ጋሼ መስታወት ላይ ያጋድሙትና በትንሿ ማጉያ ያዩታል። የሚፈልጉት ቀይ ነጠብጣቦችን ነው። የኩላሊት ማጣሪያዎች ናቸው፤ የተጠቀለለ ክር ስለሚመስሉ ጋሼ ልቃቂት ይሏቸዋል፣ እኛም እንደሳቸው። ልቃቂት ከሌለበት ናሙናው ዋጋ የለውም። ካለበት ይከፈላል። ደንቡ፣ ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ ተቆርጦ ቢጫ ክዳን ባለው ጠርሙስ ለምድር ቤት፣ መሀሉ ነጭ ክዳን ባለው ጠርሙስ ለላይ ቤት። ከሁለቱም ጫፍ የሚሆነው፣ ልቃቂቶቹ በየትኛውም በኩል ቢሆኑ ምድር ቤት እንዳይቀርባት ነው። ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። እኔ ባልማርም መብራቱን የምይዝላቸው እኔ ስለነበርኩ ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ጋሼ አንድ ልጅ ነበረቻቸው። እናቷ ልጅቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው ያረፈችው፤ ጸጉር መሥራቱንም ቀሚስ መተኮሱንም እሳቸው ተማሩ። “እማዬ” ነበር የሚሏት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ልብስ ስፌት ትማራለች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ስትመለስ እኛ ጋ ትመጣና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች። አባትና ልጅ ጀርባ ለጀርባ ጎንበስ ብለው፣ አንዱ ስላይድ ላይ፣ አንዷ ጨርቅ ላይ። እንዲሁ ተራ ወሬ ያወራሉ። እኔ ውሃውን ቀስ አድርጌ እከፍተዋለሁ፣ እንዳልረብሻቸው።

እግሯ ማበጥ ሲጀምር መቆም በዝቶባት ነው ተባለ። ከዚያ ፊቷ ጠዋት ጠዋት ያብጥ ጀመር። ሽንቷ ተመረመረ፣ ጥሩ አልነበረም። ሐኪሙ ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ይወሰድ አለ።

የዘመድ ናሙና ሌላ ሰው ነው የሚነካው፤ ይኼም ደንብ ነው። የጋሼ ረዳት ግን ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበር። እመት ጨለማ እኔ ልውጣና ልክፈለው ብላ በስልክ ጠየቀች። አያስፈልግም አሏት።

ናሙናው መጣ። አጭር ነበር። ብዙ ጊዜ ሁለት ክር ይመጣል፣ ያን ቀን አንድ ብቻ ነው የወጣው። መብራቱን ያዝኩላቸው። ጎንበስ ብለው ቆዩ። “አምስት ናቸው። አምስቱም በአንድ ጫፍ” አሉ፣ ለኔም ሳይሆን እንዲያው ለራሳቸው። ከዚያ ምላጩን አንስተው ልቃቂት ከሌለበት ጫፍ ቆረጡና ቢጫው ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ሌላኛውን ጫፍ አልቆረጡም። እንዳለ ወደ ነጩ ሄደ።

አየሁ። በዚያ በኩልስ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ ማን ነኝና? እሳቸው ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። አጭር ሲሆን እንደዚህ ይደረግ ይሆናል አልኩ። መብራቱን አጥፍቼ ወደ ገንዳዬ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ስላይዱ ደረሰ። ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ በአንድ አዩት፣ አዙረው አዩት፣ ሌላ ቀለም ነክረው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ንጹሕ ነው አሉ። አምስቱም ልቃቂት ንጹሕ። ሐኪሙም አየ፣ ንጹሕ ነው አለ። ጋሼ ያን ቀን ሁለቱም ዓይናቸው ተገልጦ ነበር፣ እንባ ሞልቶት ይሁን ምን እንጃ።

በሳምንቱ ከምድር ቤት ወረቀት መጣ። ልቃቂት አልተገኘም፣ ምንም ማለት አይቻልም ይላል። እመት ጨለማ ራሷ ወጥታ መጣች። ላይ ቤት ንጹሕ ሆነው የሚታዩ ምድር ቤት ብቻ የሚለዩ በሽታዎች እንዳሉ እሳቸው ራሳቸው እንዳስተማሯት አስታወሰቻቸው። አንዱ በአንድ ብርቱ መድኃኒት ይድናል፣ ሌላው በዚያው መድኃኒት አይድንም፣ መድኃኒቱም በከንቱ ይጎዳል። ስለዚህ መርፌው ይደገም አለች። ጋሼ ልጄን ሁለት ጊዜ አላስወጋም አሉ። እሷም ከሁለቱም ጫፍ ቆርጠዋል አይደል ብላ ጠየቀች። አጭር ነበር አሉ። ያሉት ይህንን ብቻ ነው። ውሸት አይደለም፤ አጭር ነበር። እኔ ገንዳው ላይ ነበርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ያንኑ አንድ ብርጭቆ አጠብኩ፣ አጠብኩ።

ሐኪሙም ሌላ የሚይዘው ነገር ስላልነበረው ያን ብርቱ መድኃኒት አዘዘ። ብዙ ጊዜ የሚድነው በሱ ነው ብሎ።

አራት ወር ወሰደች። ሽንቷ አልተሻሻለም። ፊቷ ግን ክብ ሆነ፣ አንገቷ ወፈረ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመርና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። አንድ ቀን እኛ ጋ መጥታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ጉንጯን እየዳበሰች “እትዬ፣ በመርፌ ወግተው በፓምፕ ነፉኝ እኮ” አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ መርፌዋን አውጥታ ክሩን ሁለቴ ሞከረች፣ ሦስቴ ሞከረች፣ ወደኔ ዘረጋችልኝ። አስገብቼ ሰጠኋት። ጋሼ አላዩንም፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወረድኩ። ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እመት ጨለማ ያን ጊዜ መስታወት እየሰበረች ቢላ ታወጣ ነበር፤ እጇን አቁማ ምነው እትዬ አለችኝ። ያየሁትን ነገርኳት። ንግግሬ ተበላሽቶብኝ ሁለቴ ነው የነገርኳት። ስትሰማ ቆየችና አምስቱም እላይ ናቸው ማለት ነው አለች። አልተቆጣችኝም። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አብረን ወጣን። ጋሼ ስላይድ እያዩ ነበር።

“ጋሼ፣ ሰሙን ይስጡኝ” አለቻቸው። ላይ ቤት ናሙናው በሰም ተደፍኖ ነው የሚቀመጠው፤ ከላዩ ጥቂት ብቻ ተልጦ ይታያል፣ የቀረው እዚያው ነው።

“የቱን?”

“የልጅዎን።”

ቀና አላሉም። “ንጹሕ ነው ብዬሻለሁ።”

“ላይ ቤት ንጹሕ ነው። እኔ ጋ ግን ልቃቂት አልደረሰም። ሰሙን አቅልጬ ከውስጡ ላውጣ። እንደ እርጥቡ አይሆንም፣ ግን ሊታይ ይችላል።”

“ማን ነገረሽ?”

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ” አልኩ።

ዞረው አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። “አምስት ናቸው” አሉ። “ለአንቺ ብሰጥ በሙጫ አድርቀሽ፣ ከትፈሽ፣ አመድ የመሰለ ሥዕል ነው የምታመጪልኝ። ልጄን እኔ ራሴ ላያት ፈልጌ ነው። አንዷንም ማጣት አልፈለግኩም።”

ሰሙ በቁጥር ከሚደረደርበት መሳቢያ ውስጥ አልነበረም። ከጠረጴዛቸው አወጡት፣ በንጹሕ ፋሻ ተጠቅልሎ።

ሥራው ስምንት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን ልጅቱ ሳል ያዛት። መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከለውን ነገር ያደክማል አሉ፤ ሳንባዋ ተያዘና ተኛች። ጋሼ ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት እሷ ጋ ሆኑ። ስላይድ ላይ ዓይናቸውን አድርገው ሳያዩ እንደሚቀመጡ አስተዋልኩ። ስላይዱን አይቀይሩትማ።

በስምንተኛው ቀን ከምድር ቤት ስልክ ተደወለ። ጋሼ “እህቴ፣ እጄን ያዢኝ” አሉኝ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድን። የምድር ቤቱን በር ሲያልፉ አንገታቸውን ጎንበስ አደረጉ፣ በሩ ግን ረጅም ነው። እመት ጨለማ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና መብራቱን አጠፋች። አረንጓዴ የመሰለ ክብ ብርሃን ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ አጎነበሱ።

ብዙ ቆዩ። ማሽኑ ያጉረመርማል።

“ይሄ የሷ ነው?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“የልቃቂቱ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። እንደ ቅርጫት ተጎንጉኗል” አሉ። ቀጥለውም “እኔ ጋ እኮ አንድ መስመር ነበር” አሉ።

“እርስዎ ጋ መስመር ነው። ብርሃን ከዚህ በላይ አይለየውም። ያነበቡት አልተሳሳተም።”

እውነቷን ነው። ንባቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው አቆራረጡ ነው፤ ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስታችንም እናውቃለን። ከዘር የሚመጣ በሽታ እንደሆነ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ነው ጋሼ የልጅቱ እናት ወንድም በወጣትነቱ ጆሮው ደንቁሮ፣ ኩላሊቱም ደክሞ መሞቱን ያስታወሱት። ሠርጋቸው ላይ ጮክ እያሉ ያናግሩት እንደነበር ነገሩን። ከልጃቸው ሕመም ጋር አንድም ቀን አያይዘውት አያውቁም።

ያ መድኃኒት ለዚህ በሽታ አይረባም። በድንገት ማቆምም አይቻልም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ሐኪሙ በዚያው ቀን መቀነስ ጀመረ። ሳንባዋ ግን አልጠበቀም። ሥራው ከተጀመረ በአስራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አረፈች። ኩላሊቷ ገና ይሠራ ነበር። ቶሎ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ በልክ እየታከመች ብዙ ዓመት ትቆይ ነበር ብሎ ሐኪሙ ለእመት ጨለማ ነግሯታል፣ እሷም ለኔ። ለጋሼ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። መንገርም አያስፈልግም ነበር፣ ያን ናሙና የቆረጡት እሳቸው ናቸው።

ካረፈች በአስራ አምስተኛው ቀን ጋሼ ሥራ ገቡ። ሰው ሁሉ ለምን አይቆዩም አላቸው። ቤት ውስጥ ምን እሠራለሁ አሉ። ከኔ ጋር ሁለት ቀን ያህል አልተነጋገርንም። ቢያባርሩኝ ወይ ሌላ ክፍል ቢያዛውሩኝ እንደሚገባ አስቤ ዕቃዬን እንኳ ሰብስቤ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የኩላሊት ናሙና መጣ። ጋሼ መስታወቱ ላይ አጋደሙት። መብራቱን ያዝኩ። ምላጩን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። “ከዛሬ ጀምሮ መብራቱን ብቻ አትያዢ” አሉኝ። “እጄን እይ። ከሳትኩ ተናገሪ። ሰው ቢኖርም ተናገሪ።” እሺ ጋሼ አልኩ። ያን ቀን ከሁለቱም ጫፍ ቆረጡ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ ሠራን። አንድም ቀን አልሳቱም። ሊጨርሱ ወር ሲቀራቸው ግን፣ አንድ አጭር ናሙና መጣ፣ አንድ ክር ብቻ። ልቃቂቶቹ በአንድ በኩል ተከማችተዋል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከባዶው ጫፍ ቆረጡ። ምላጩን አስቀመጡና ነጩን ጠርሙስ ከፈቱ። ሐሳባቸው የት እንደነበር አላውቅም፣ እዚያ አልነበረም።

ሁለት ሐኪሞች ቆመው ነበር።

“ጋሼ፣ ያኛው ጫፍ ቀርቷል” አልኩ።

ቆሙ። መስታወቱን አዙረው ከዚያኛውም ጫፍ ቆረጡና ቢጫው ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ክዳኑን ካጠበቁ በኋላም ጠርሙሱን ሳይለቁ ቆዩ። ከዚያ ሰጡኝና ይዤው ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የማን ልጅ ናሙና እንደነበር አልጠየቅኩም።